የበረኛው ገጽ

ሁለተኛው ቅጽ ላይ፣ ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፣
ከታች ሦስተኛው መስመር፤ ፈልጉኝ፣ አለሁበት።
«ዘበኛው ዘወር አለ» ይላል፤ ከዚያ አራት ነጥብ፣
እንደ አራት ምስማር በላዬ ተመትቶ፤
ዊትስከ ታልፋለች፣
ታሪኩን አስከትላ ወደ ደሴቶቹ ትቀዝፋለች።
ለእሷ ሦስት ቅጽ ሙሉ፣ ለእኔ አንድም ገጽ የለም፤
ገጽ የሌለውን ሰው መንገድ ላይ ማንም አያውቀውም።

የልመር እባላለሁ። የሂስከ ወንድም ነኝ።
ዐሥራ ስድስት ሊሞላኝ ነው፤ ሸንጎው የመዘነኝ
ዐሥራ አምስት የሞላሁ ዕለት፤ በፍሪስላንድ ደንብ
ቀላሉ ልጅ ወደ ፓምፕ፣ ከባዱ ወደ ግድብ።
ሂስከ ቀላል ነበረች። ሁልጊዜም ቀላል ነበረች።
ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ጫማዋን በጠጠር ሞላች፤
አራግፈው መዘኗት። አንዲቷ ጠጠር ግን
ከጣቶቿ መሃል ተጣብቃ አብራት ወረደች።

ለእኔ የሰባተኛውን የውሃ በር ቁልፍ ሰጡኝ፣
ካፖርትም። ቃልም ሰጡኝ፦
«አንድ ዓመት በታማኝነት ጠብቅ፣ እህትህ ትወጣለች።»
ዐሥር ወር ጠብቄ ነበር።

እናንተ ስታነቡት ያ ሌሊት ዝናብ ነው፣ መብረቅ ነው።
ውሸት ነው። ብርድ ብቻ ነበር።
ባሕሩ አፈግፍጎ ጭቃው ራቁቱን ይሸታል፤
ፋኖሴ ዘይት አንሷት ነበልባሏ ይርገበገባል።
ከሸምበቆው ውስጥ ትንፋሽ ሰማሁ፤
ሊታፈን የሚፈልግ፣ ግን ያልቻለ የሰው ትንፋሽ።
አወቅኋት። ባለፈው ክረምት፣ በዳቦ ሰልፍ ላይ፣
የግራ ጓንቷን አቀብላኝ ነበር፣ ወደ እኔ ሳታይ።
እሷ ይህን ረስታለች፤ በሦስቱም ቅጽ የለም፤
የሰጠ እጅ ይረሳል፣ የሞቀው ጣት አይረሳም።

ዘወር አልኩ።
ቀላል ይመስላችኋል? አንገት ብቻ የሚዞር?
ካፖርቱም አብሮ ይዞራል፣ የእናቴም ዳቦ፣
የቀሩት ሁለት ወሮችም።
እስከ አርባ ቆጠርኩ።
«በሩ በተአምር አልጮኸም» ይላል የሚቀጥለው ገጽ።
ተአምር!
የፋኖሴ ዘይት የት እንደ ደረሰ የጠየቀኝ የለም።
ማጠፊያውን ስቀባው፣ ከዋዜማው ጀምሮ፣
ለማን እንደምቀባው እኔም አላወቅኩም።

ሲነጋ ሸንጎው ጠየቀ፤ «ማን ነበር ተረኛ?»
«እኔ» አልኩ። ወረድኩ ባዶ እጄን፣ የትናንቱ ዘበኛ።
ዘወር ላለ ሰው ቅጣቱ መዘወር፤
የብረት እጀታ፣ ቁስል ላይ ጨው ሲጨመር።
ሂስከን እታች አገኘኋት። አልተቃቀፍንም።
«ሁለት ወር ነበር የቀረህ» አለችኝ። ሌላ አላለችም።
ሰባት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ዘወርን፣
ሰባት ወር ሙሉ በዝምታ አረርን።

ሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ፣ ድሉ የቀረበ ለታ፣
«ፓምፖቹ ቆሙ» የምትል ሐረግ አለች፣ በቅንፍ ተከትታ።
ብረት በራሱ አይቆምም።
አንዲት ጠጠር፣ የጥርስ ማርሽ መሃል፤
አንዲት ቀላል ልጅ፣ ክብደቷን በመጨረሻ ያገኘች።
ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ሲደርስ ሳቀች፤
ከዚያ ስሜን ጠራች።

ቀጭን ናት ይህች መጽሐፍ፤ ከታላላቆቿ ጎን ስትቆም
ትንሸራተታለች፤ ካልደገፏት አትቆምም።
ዊትስከን አትጥሉብኝ፤ እኔም እወዳታለሁ፤
የግራ ጓንቷን ዛሬም፣ ቀዳዳዋ ሰፍቶ፣ ይዣለሁ።

ዘወር ብዬ ምን እንዳየሁ ከጠየቃችሁ ግን፦
ግድቡ ጫፍ ላይ አንድ እግሯን አጥፋ የተኛች
ነጭ የባሕር ወፍ ነበረች።
በአንድ ዐይኗ አየችኝ፣ ቁልፌን አየች፣ የተከፈተውን በር አየች፤
ከዚያ እሷም
ዘወር አለች።